ምትክ፣ ካሣ፣ ተረካቢ፦ የዝነኛ አሠልጣኝ ተተኪ በአማርኛ እንዴት ይመዘናል? ከገዳሪፍና ከመተማ ወሰን የተነሣ የቃላት ታሪክ

ዝነኛ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ሲሰናበት ወንበሩ ባዶ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ነው። አዲሱ ሰው የመጀመሪያውን ልምምድ ከማስጀመሩ በፊት ደጋፊውም ባላጋራውም በቃላት መዝነውት ይጨርሳሉ። አማርኛ ለዚህ ምዘና በዋናነት ሦስት ቃላትን ያቀርባል፤ እነርሱም ምትክ፣ ወራሽና ተረካቢ ናቸው። ሦስቱም ከሌላ ሰው ቀጥሎ የመጣን ሰው ያመለክታሉ። ምትክ ግን የጎደለውን ሰው ያስታውሳል፤ ወራሽ የዘር ወይም የሕግ መብትን ያነሣል፤ ተረካቢ ደግሞ ተቆጥሮ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈን ነገር ይጠይቃል። ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ቃላት ታሪክ በአሠልጣኞች መተካካት በኩል ይከታተላል። መነሻው በምሥራቅ ሱዳን የገዳሪፍና የገላባት አካባቢ ነው፤ በዚያ አማርኛና የሱዳን ዓረብኛ በአንድ ገበያ ይነገራሉ፣ የሁለት አገር ብሔራዊ ቡድኖችም በአንድ መንገድ ዳር ይደገፋሉ። የጽሑፉ ክርክር፣ በአማርኛ የአዲስ አሠልጣኝ ፍርድ በአብዛኛው በሐዘንና በካሣ ቃላት እንደሚሰጥና ለአዲሱ ሰው ጊዜ የሚሰጠው የርክክብ ቃል ወደ ኋላ እንደሚቀር ማሳየት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ወሰኑና ሁለቱ ቋንቋዎች

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ ቆላ የሚወርደው መንገድ መተማ ዮሐንስ ደርሶ ወሰኑን ሲሻገር ገላባት ይገባል፤ ከዚያም በዶካ አድርጎ ገዳሪፍ ይዘልቃል። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። የአጨዳ ወቅት ሲደርስ ከኢትዮጵያ ወገን ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ በመተማና በሑመራ እርሻዎች ይህ ወቅታዊ ሠራተኛ ሳሉግ ይባላል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከጦርነትና ከረኀብ ሸሽተው የገቡ፣ በ2020 ደግሞ እንደገና በኡም ራኩባ መጠለያ የተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያንም የዚሁ አካባቢ ታሪክ አካል ናቸው። በዚህ መስመር ላይ የሚኖር ሰው ለገበያና ለመሥሪያ ቤት ዓረብኛ ያስፈልገዋል፤ በቤቱና ከወገኑ ጋር ግን አማርኛ ወይም ትግርኛ ይናገራል።

እግር ኳስ የሁለቱ አገሮች የጋራ ታሪክ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በ1957 ከመሠረቱት አገሮች መካከል ሱዳንና ኢትዮጵያ ይገኙበታል፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ዓመት በካርቱም ተካሂዶ ግብፅ በፍጻሜው ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋለች። ኢትዮጵያ በ1962 አዲስ አበባ ላይ በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት ዋንጫውን ወሰደች፤ ሱዳን ደግሞ በ1970 በካርቱም የራሷን ዋንጫ አነሣች። ከዚያ በኋላ የሁለቱም ታሪክ የረጅም መጥፋት ታሪክ ሆነ። ሱዳን በ1976 ኢትዮጵያ ባስተናገደችው ውድድር ከተሳተፈች ወዲህ እስከ 2008 አልተመለሰችም፤ ኢትዮጵያም በ1982 ሊቢያ ላይ ከተሳተፈች በኋላ እስከ 2013 ጠፋች። አንዱ 32፣ ሌላው 31 ዓመት ነው።

የክለብ ፉክክሩም በወሰኑ በሁለቱም ወገን ስም አለው። በሱዳን ሂላልና መሪኽ፣ ማለትም ጨረቃና ማርስ፣ የኦምዱርማን ሁለት ባላንጣዎች ሲሆኑ አንዱ በሰማያዊ ሌላው በቀይ ይታወቃል። በኢትዮጵያ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና እንዲሁ ይተያያሉ። ከእነዚህ በላይ የእንግሊዝ ሊግ በሳተላይት ቴሌቪዥን ሁለቱንም ወገን ስለሚያገናኝ፣ በአማርኛ ማንቼና አርሴ የሚባሉት ክለቦች የዕለት ተዕለት የክርክር ርእስ ናቸው።

የተመልካቹ መጠሪያ ራሱ የሁለቱን ቋንቋዎች አተያይ ያሳያል። በዓረብኛ ሙሸጂዕ የሚባለው ሰው ወኔ የሚሰጥ፣ የሚያበረታታ ነው፤ ቃሉ ከጀግንነት ጋር ይዛመዳል። የአማርኛው ደጋፊ ደግፎ ያቆመ ማለት ነው፤ ቃሉ ከምሰሶና ከድጋፍ እንጨት ጋር ይዛመዳል። የሚደገፍ ነገር ሊወድቅ የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ ደጋፊ የሚለው ቃል ገና ከመነሻው የመውደቅን ሥጋት ተሸክሟል፤ ይህም ዝነኛ አሠልጣኝ ሲሄድ የሚሰማውን ፍርሃት ለመረዳት ይጠቅማል።

2. አሠልጣኝና ሙደሪብ

የሱዳን ዓረብኛ አሠልጣኝን ሙደሪብ ይለዋል። የቃሉ ሥር መልመድንና መለማመድን የሚያመለክት ሲሆን መንገድ የሚል ትርጉም ካለው ደርብ ጋርም ይቀራረባል። ሙደሪብ እንግዲህ ሰውን የሚያለማምድ፣ መንገድ የሚያስለምድ ነው።

የአማርኛው አሠልጣኝ ሌላ ጎዳና ተጉዟል። ሠለጠነ የሚለው ግሥ በግእዝ ገዛ፣ ሥልጣን ያዘ የሚል ትርጉም ነበረው። ሥልጣን፣ ሥልጣኔና ሥልጠና ሦስቱም ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው፤ የዓረብኛው ሱልጣንም የዚሁ የሴማዊ ቤተሰብ ዘመድ ነው። አሠልጣኝ በሚለው ቅርጽ መጨረሻ ላይ የምናገኘው ኝ የሥሩ ነ የአድራጊን ስም ከሚያወጣው ድምፅ ጋር ተዋሕዶ የላንቃ ድምፅ የሆነበት ነው፤ ለመነ ለማኝ እንደሚሆነው ማለት ነው። በዘመናዊው አማርኛ አሠልጣኝ የሚል ሰው ስለ ንጉሥ እንደማያስብ ግልጽ ነው። ሆኖም ሥልጣንና ሥልጠና በአንድ ቤት የሚኖሩ ቃላት በመሆናቸው፣ አሠልጣኝ ሲለወጥ ነገሩን በንግሥና ቋንቋ መናገር ለአማርኛ ቀላል ነው። ዘመኑ አበቃ፣ ወንበሩን ለቀቀ፣ ወራሹ ማን ነው የሚሉት አነጋገሮች ከስፖርት ገጽ ላይ ሲገኙ እንግዳ አይመስሉም። በንግግር ኮች የሚለው የተውሶ ቃል የተስፋፋው ምናልባት ይህን ክብደት ስለማይሸከም ጭምር ሊሆን ይችላል፤ ኮች ሥራን ብቻ ይነግራል።

3. ምትክ ከሐዘን ቤት

ተካ የሚለው ግሥ ያለ ተሳቢ አይቆምም። አንድ ሰው ሌላውን ሳይተካ ተካ ሊባል አይችልም። የተካው ሲባል በመጨረሻ ያለው ው የሚያመለክተው የሄደውን ሰው ነው፤ አዲሱ ሰው በገዛ መጠሪያው ውስጥ የቀደመውን ተሸክሞ ይገባል። ተተካ በሚለው ቅርጽ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አሠልጣኙ ተተኩ ሲባል ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ የወጣው ሰው ነው፤ ተተኪ የሚለው ስም ግን የገባውን ይጠራል። ግሡ ለወጪው፣ ስሙ ለገቢው ሆኗል ማለት ነው። ተመሳሳይ ነገር በሜዳ ውስጥም ይታያል። ተቀይሮ የሚለው ቃል ለሚገባውም ለሚወጣውም ተጫዋች አንድ ስለሆነ አማርኛ ተቀይሮ ገባና ተቀይሮ ወጣ ብሎ መለየት ግድ ሆኖበታል።

ምትክ የሚለው ስም ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። በአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ዘንድ ልጅ ወይም ወላጅ ከሞተ በኋላ የተወለደ ሕፃን ብዙ ጊዜ የማጽናኛ ስም ይወጣለታል። ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ካሣ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች የዚህ ልማድ ፍሬዎች ናቸው። ማስረሻ የሚረሳበት መሣሪያ ነው፤ ካሣ ለጠፋው የተከፈለ ዋጋ ነው፤ ቃሉ በፍርድም ለጉዳት የሚከፈለውን፣ በደምም ለነፍስ የሚከፈለውን ይጠራል። በትግርኛ ካሕሳይ፣ ካሣዬ እንደማለት፣ በተመሳሳይ ስሜት ይሰጣል። ወሰኑን የተሻገረ ሰው በሱዳን ዐወድ የሚባሉ ብዙ ሰዎችን ያገኛል፤ ዐወድም በዓረብኛ ካሣ፣ ምላሽ ማለት ነው። ይህ የስም አወጣጥ ስሜት ወሰን አያውቅም። በዚሁ ወሰን ታሪክ ከሚነሡት ነገሥታት ሁለቱ፣ ከቋራ የተነሡት ዓፄ ቴዎድሮስና በ1889 በመተማ ጦርነት የቆሰሉትና የሞቱት ዓፄ ዮሐንስ፣ ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ይባሉ ነበር።

ምትኩ የተባለ ልጅ ስሙን ሳይመርጥ የሌላ ሰው ባዶ ቦታ ይሰጠዋል። ቤተሰቡ ይወደዋል፤ ሆኖም ሲታይ የጠፋው ይታወሳል። በሐዘን ቤት ይህ መጽናኛ ነው። በእግር ኳስ ግን ያው ቃል ሁለት ተቃራኒ አፎች ውስጥ ይገባል። ለምሳሌ ያህል አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦ ምትክ የለውም። ይህን የሄደው አሠልጣኝ ደጋፊ ሲናገረው ምስጋና ነው፤ ለሟች ሰው የሚነገር ያህል የከበረ ምስጋና። የባላጋራ ቡድን ደጋፊ ሲናገረው ደግሞ ያው ቃል ሳይለወጥ በአዲሱ ሰው ላይ የተሰጠ ፍርድ ይሆናል፤ ክለቡ ከእንግዲህ አይነሣም ማለት ነው። ሁለቱ ባላጋራዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ይስማማሉ። አዲሱ አሠልጣኝ በዚህ ስምምነት መካከል ተይዟል፤ ወዳጁም ጠላቱም የሚናገሩት ስለ ሌላ ሰው ነው።

4. እሱና እሳቸው

አማርኛ ሦስተኛ መደብን ሲናገር አክብሮትን መምረጥ ያስገድዳል። ዓረብኛ በሦስተኛ መደብ ግሥ ላይ ይህን ምርጫ አይጠይቅም፤ ስለ ሙደሪቡ የሚናገር ሰው መጣ ወይም ሄደ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ በገዳሪፍ በሁለቱም ቋንቋዎች ስለ አንድ ጨዋታ የሚከራከር ሰው በዓረብኛ ሳይፈርድ የሚያልፈውን ነገር በአማርኛ መፍረድ ይኖርበታል፤ መጣ ወይስ መጡ?

በአማርኛ የስፖርት ጽሑፍ የአገር ውስጥ አሠልጣኝ ብዙውን ጊዜ ገለጹ፣ አስታወቁ ተብሎ በአክብሮት ይጻፋል። የውጭ ሊግ አሠልጣኝ ግን በብዛት በነጠላ ይነገራል፤ ዕድሜና ዝና ሲገናኙለት ወደ አክብሮቱ ከፍ ይላል። በቃል ክርክር ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ፈጣን ነው። ሄደ ከተባለው ዝነኛ ሰው ጋር እሳቸው፣ ከአዲሱ ጋር እሱ የሚል ሰው ነጥብ ከመመዝገቡ በፊት ደረጃ ሰጥቷል። በቅጽል ሳይሆን በግሥ መጨረሻ የተሰጠ ፍርድ በመሆኑ ለመከራከርም ለማስተባበልም ያስቸግራል። ለሚዛን ሲባል ይህ ጽሑፍ ከዚህ በታች ለሚጠቀሱት አሠልጣኞች ሁሉ፣ ላሸነፉትም ለተሰናበቱትም፣ የአክብሮቱን ቅርጽ ይጠቀማል።

5. ሁለት ካሣዎች፦ 2008 እና 2013

ሱዳንን ከ32 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሷት ማዝዳ በሚል ስም የሚታወቁት መሐመድ ዐብደላ ናቸው። በ2008 ጋና ላይ ቡድናቸው ሦስቱንም ጨዋታዎች 3 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ። በ2012 ግን ቡርኪና ፋሶን 2 ለ 1 አሸንፎ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ፤ ይህም ሱዳን ከ1970 ወዲህ በውድድሩ ያገኘችው የመጀመሪያ ድል ነበር። በመጀመሪያው ውድድር ሦስት ጊዜ የተሸነፉ አሠልጣኝ ለሁለተኛው መድረሳቸው ለዚህ ጽሑፍ ክርክር ዋና ነጥብ ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም የሱዳንና የኢትዮጵያ ቡድኖች ለ2013 ውድድር ማለፊያ ተገናኙ። በሱዳን በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ሱዳን 5 ለ 3 አሸነፈች። ጥቅምት 14 ቀን 2012 በአዲስ አበባ ስታዲየም ደግሞ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ባስቆጠሯቸው ግቦች ኢትዮጵያ 2 ለ 0 አሸንፋ፣ ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩት ግቦች አለፈች። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። በገዳሪፍ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ ውጤት የሚያስተናግደውን አገር ከውድድር ያስወጣ ውጤት ነበር፤ ደስታው በአማርኛ የሚነገርና በዓረብኛ የሚቆጠብ ዓይነት ደስታ ነው።

ሰውነት ቢሻው ቡድኑን ሲይዙ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ቤልጅጋዊ ቶም ሴይንትፊት የቆዩት ለወራት ብቻ ስለነበር የሚተኩት ዝነኛ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ማንም እንደ ምትክ አላያቸውም። በውድድሩ ላይ ቡድናቸው ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ። በደረቁ ሲታይ አንድ ነጥብና አንድ ግብ ነው። ዝናቸው ግን ከነጥቡ የመጣ አልነበረም፤ መመለሱ ራሱ ለ31 ዓመት የተከፈለ ካሣ ነበር። ቀጥሎ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዋሊያዎቹ ምድባቸውን አንደኛ ሆነው ጨርሰው በናይጄሪያ በደርሶ መልስ፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈው ከብራዚል ደጃፍ ተመለሱ። ሰውነት ቢሻው በ2014 መጀመሪያ፣ በአገር ውስጥ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች በተዘጋጀው የአፍሪካ ሻምፒዮና ቡድኑ ያለ ድል ከተመለሰ በኋላ፣ በየካቲት ተሰናበቱ።

6. የተከፈለ ካሣ ሁለት ጊዜ ይከፈላልን?

ቀጥለው የመጡት ቀደም ሲል የጋናን ብሔራዊ ቡድን ያሠለጠኑት ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ናቸው። እሳቸው የተተኩት በአንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ትዝታ ቦታም ጭምር ነው። የመጀመሪያው ብርቱ ፈተናቸው በመስከረም 2014 የመጣ ሲሆን ተጋጣሚያቸው በዚያው ክረምት በብራዚል የዓለም ዋንጫ ጥሎ ማለፍ የደረሰችው አልጄሪያ ነበረች። ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈች። ማላዊ ላይ 3 ለ 2፣ በሜዳዋ በማሊ 2 ለ 0 ተሸነፈች፤ ወዲያው በባማኮ ማሊን 3 ለ 2 አሸነፈች። ከአልጄሪያ ጋር ከሜዳዋ ውጭ 3 ለ 1 ተሸንፋ፣ ከማላዊ ጋር 0 ለ 0 ተለያይታ በ4 ነጥብ የምድቡ መጨረሻ ሆነች። ባሬቶ በ2015 ሚያዝያ ተሰናብተው ዮሐንስ ሣህሌ ተተኩ።

ይህን ታሪክ በምትክ ቃል የሚያነብ ሰው የሚያገኘው አንድ ነገር ነው፤ ሰውነት ቢሻው ቡድኑን ወደ ዋንጫው አደረሱ፣ ባሬቶ አላደረሱም። ፍርዱ እውነት ቢሆንም የሚመዝነው የሄደውን ሰው ጥላ ነው። የካሣ ቃል ሌላ ችግር ያመጣል። ካሣ አንድ ጊዜ ከተከፈለ ዕዳው ያበቃል። ሰውነት ቢሻው የከፈሉት የ31 ዓመት ዕዳ በድጋሚ ሊከፈል አይችልም፤ ተተኪያቸው ያንኑ ያህል ደስታ ሊያስገኙ የሚችሉት አገሪቱ እንደገና ለ31 ዓመት ብትጠፋ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ማንኛውም አሠልጣኝ ባለ ዕዳ የሆነው ለቀደመው ሰው ነው። በባማኮ የተገኘው ድል በዚህ ሚዛን ላይ ቦታ ያጣውም ለዚህ ይመስላል፤ ምንም የጎደለ ነገር አልሞላምና።

በሱዳን ዓረብኛ የውጭ ዜጋው ነጭ ኸዋጃ፣ በአማርኛ ፈረንጅ ይባላል። ሁለቱም ቃላት እንደ አነጋገሩ ክብርም ርቀትም ይይዛሉ። የአገር ልጅ የሆነን ዝነኛ አሠልጣኝ የተካ ፈረንጅ ካሣ ተብሎ እንዲቆጠር የሚያስችለው የቤተሰብ ስሜት አይኖረውም፤ ምትኩ የሚለው ስም ለቤት ልጅ የሚወጣ ስም ነው። በመሆኑም እንዲህ ያለው ሰው ምትክ የሚለውን ሸክም ይቀበላል፤ ምትኩ ከሚለው ጋር የሚመጣውን ፍቅር ግን አያገኝም።

7. ማንቼና አርሴ

የውጭው ምሳሌ ይህን የቃል ልማድ ይበልጥ ያጎላዋል፤ ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ዓመት ተገጣጥመዋልና። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ከ26 ዓመት በላይ ከመሩት ማንችስተር ዩናይትድ በ2013 ግንቦት ሲሰናበቱ 13 የሊግ ዋንጫዎችን አስቆጥረው ነበር። ኤቨርተንን ለ11 ዓመት ያሠለጠኑት ዴቪድ ሞዬስ የስድስት ዓመት ውል ፈርመው ተረከቡ፤ ሆኖም ውሉ አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ ቡድኑ ሰባተኛ ደረጃ ላይ እያለ፣ በ2014 ሚያዝያ ተሰናበቱ። በአዲስ አበባም በገዳሪፍም የአርሴ ደጋፊ ለሞዬስ የሚሰጠው ፍርድ ሊገመት የሚችል ነው። ምትክ የለውም የሚለው ዓረፍተ ነገር በዚያ ዓመት በሁለቱም አፍ ውስጥ የሚገባ ነበር፤ ማንቼው በናፍቆት፣ አርሴው በደስታ።

ፈርጉሰን ራሳቸው በመጨረሻው የሜዳቸው ጨዋታ ወቅት ለደጋፊው ባደረጉት ንግግር አዲሱን አሠልጣኝ ከጎኑ ቆመው እንዲደግፉ አሳስበው ነበር። በአማርኛ ብንመዝነው ይህ የርክክብ ንግግር ነው። አስረካቢው በሕዝብ ፊት ቆሞ፣ የምሰጣችሁ ይህ ነው፣ ተረካቢው ደግሞ እርሱ ነው አለ። ደጋፊው ግን የሰማው በምትክ ጆሮ ነበር።

አርሴዎች የራሳቸውን ሐዘን ያዩት በ2018 ነው። አርሴን ቬንገር ከ22 ዓመት በኋላ ሲሄዱ ኡናይ ኤመሪ ተተኩ፤ ቡድኑን አምስተኛ አድርገው ቢጨርሱና በባኩ እስከ አውሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቢያደርሱም፣ በቼልሲ 4 ለ 1 ተሸነፉና በ2019 ኅዳር ተሰናበቱ። ትናንት የሳቁት ዛሬ ተሳቀባቸው፤ ማንቼው ተራውን ደርሶት የተዋሰውን ቃል መለሰ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሚኬል አርቴታ በሁለት ተከታታይ የውድድር ዘመናት ስምንተኛ ሆነው ሳለ አልተሰናበቱም፤ ከዚያም አምስተኛ፣ ከዚያም በተከታታይ ሁለተኛ ሆኑ። ኤመሪ የቬንገር ተተኪ ነበሩ፤ አርቴታ ግን የኤመሪ ተተኪ ናቸው። የመጀመሪያው ሰው የሐዘኑን ዋጋ ከፈለ፤ ሁለተኛው ሥራ ተረከበ። ይህ ቅደም ተከተል ስለ ሁለቱ ሰዎች ችሎታ ብዙ ላይናገር ይችላል፤ ከዝነኛ በኋላ ሁለተኛ ሆኖ መምጣት የተሻለ ዕጣ መሆኑን ግን ያስተምራል። ሰውነት ቢሻውም የቡድኑን ታሪክ የሠሩት ዝነኛን ሳይተኩ ነው።

8. ርክክብ

ተረከበ የሚለው ግሥ ከመጋዘን፣ ከጽሕፈት ቤትና ከዘብ ተራ የሚታወቅ ነው። ርክክብ ሲደረግ ዕቃው ይቆጠራል፣ ጉድለቱ ይመዘገባል፣ ሁለቱም ወገን ይፈርማሉ። ተረካቢ የሚጠየቀው ከተረከበው ዕለት ጀምሮ ባለው ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት የጎደለው የአስረካቢው ነው። አገር ተረካቢ ትውልድ የሚለው የተለመደ አነጋገርም ከዚህ የተወሰደ ሲሆን የሚያመለክተው ወደ ፊት ነው። ማንም ሰው አገር ምትክ ትውልድ ብሎ አይናገርም።

የዚህ ቃል ጥቅም በቅርቡ በዚያው ወሰን ላይ ተፈትኗል። በሱዳን በ2023 ሚያዝያ ጦርነት ከተነሣ በኋላ የመንገዱ አቅጣጫ ተገለበጠ፤ ከገዳሪፍ ወገን ብዙ ሰው በገላባት በኩል መተማ ገብቶ በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተጠለለ። ሂላልና መሪኽ በአገራቸው መጫወት ስላልቻሉ በ2024 እና 2025 የሞሪታኒያን ሊግ ተጫወቱ። ብሔራዊ ቡድኑን በ2023 የያዙት ቀደም ሲል በካርቱም ክለብ ያሠለጠኑት ጋናዊው ክዌሲ አፒያ ናቸው። የተረከቡት ነገር ቢቆጠር ሊጉ የተቋረጠበት፣ ሜዳው ከወሰን ውጭ የሆነበት ቡድን ነው። ከጋና ጋር አክራ ላይ 0 ለ 0 ተለያይተው፣ ሊቢያ ቤንጋዚ በሱዳን ሜዳነት በተደረገው ጨዋታ የትውልድ አገራቸውን 2 ለ 0 አሸነፉ፤ ሱዳንም ለ2025 የአፍሪካ ዋንጫ አለፈች።

ይህን ውጤት ከማዝዳ ጋር ማስተያየት የሚፈልግ ደጋፊ በምትክ ቃል ብዙ አይሄድም። ማዝዳ አገር ውስጥ ሊግ ነበራቸው፤ አፒያ አልነበራቸውም። ሁለቱን የሚያስተካክል ሚዛን ካለ የርክክብ ሚዛን ነው፤ እያንዳንዱ ምን ተረከበ፣ ምን አስረከበ። በዚሁ ሚዛን ባሬቶን ስንመዝናቸው፣ የተረከቡት ሕዝቡ ከፍ ያለ ተስፋ የጣለበትንና ካሣው አስቀድሞ የተከፈለለትን ቡድን ሆኖ ይገኛል፤ ሞዬስን ስንመዝናቸው ደግሞ በስድስት ዓመት ውል ተጽፎ በአሥር ወር የተዘጋ መዝገብ እናገኛለን።

ለመዝገበ ቃላት ሥራ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ምትክና ተረካቢ በተመሳሳይ ቃላትነት ብቻ ሊመዘገቡ እንደማይገባ ነው። አንዱ የሚጎድለውን ሰው በተሳቢነት ይይዛል፤ ሌላው የተላለፈውን ነገር ይይዛል። በሁለት ቋንቋ በሚኖር ማኅበረሰብ ዘንድ ይህ ልዩነት ይበልጥ ሊጠና ይገባዋል፤ የዓረብኛው ዐወድና የአማርኛው ካሣ፣ የዓረብኛው ኸሊፋና የአማርኛው ወራሽ በአንድ ሰው አፍ ሲገናኙ የትኛው የትኛውን እንደሚጎትት የገዳሪፍና የመተማ ንግግር ያሳያል። ለአዲሱ አሠልጣኝ ግን ጉዳዩ ከመዝገበ ቃላት ይበልጣል። ምትክ ብሎ የሚጠራው ደጋፊ ከሦስት ሽንፈት በኋላ ሐዘኑ ይመለሳል፤ ተረካቢ ብሎ የሚጠራው ደግሞ መዝገቡን ከፍቶ የቀረውን ይቆጥራል። ማዝዳ በ2008 ሦስት ጊዜ ተሸንፈው በ2012 ሩብ ፍጻሜ ደርሰዋል።